የአይስላንድ የሰፈር መዋኛ ገንዳዎች፦ ማን ሠራቸው? ማንስ ይከፍላል?

አይስላንድ ሕዝቧ 400 ሺህ አይሞላም። የአዲስ አበባን አንድ ትልቅ ክፍለ ከተማ ያህል ቢሆን ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆኑት መዋኛ ገንዳዎቿ ግን 120 ገደማ ይደርሳሉ። ቆጠራው ከሰው ሰው ይለያያል፤ የትምህርት ቤቱንም፣ ተራራ ሥር ያለውንም የሚደምር አለ፣ የማይደምርም አለ። በየትኛውም ቆጠራ ቢሆን የገጠር ከተማ ሁሉ የራሱ ገንዳ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ነገር በአማርኛ የተጻፈ ፈልጌ ስላጣሁ ነው ይህን ያሰባሰብኩት። ለትምህርት ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ በነበርኩበት ጊዜ የቬስቱርባየር ሰፈር ገንዳ ደንበኛ ነበርኩ። ዛሬም «የኛ ገንዳ» ነው የምለው። ዓመተ ምሕረቱም ወሩም ቀኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከስኖሪ ስቱርሉሶን ነው። ስኖሪ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጸሐፊና ባለሥልጣን ነበር። ሬይክሆልት በሚባል ቦታ ደጁ ላይ አራት ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ክብ የድንጋይ ገንዳ ነበረችው፤ ዛሬም አለች። ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ዋና እየተረሳ ሄደ። 19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ መዋኘት የሚችል ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ይህ የሆነው በዓሣ በሚኖር አገር ነው። አስቡት። ወንዱ ሁሉ ባሕር ላይ ነው የሚውለው፣ ጀልባው ትንሽ ነው፣ ማዕበሉ ከባድ ነው፣ ደግሞ ማንም አይዋኝም። ከባሕር ዳርቻው እየታዩ፣ ቤተሰብ ቆሞ እያየ የሰመጡ ብዙ ናቸው። የአይስላንድ ገንዳዎች የተሠሩት ለመዝናናት ተብሎ አልነበረም። መነሻው ሐዘን ነው።

ሥራውን የጀመሩት የወጣት ማኅበራት ናቸው። የአገሪቱ ወጣት ማኅበራት ኅብረት የተመሠረተው በ1907 ነው፤ በየገጠሩ ቅርንጫፍ ነበረው፣ ትግል ያስተምራል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ዋና ያስተምራል። የዚህ ዘመን ትልቁ ቅርስ ደቡብ ውስጥ ያለው ሴልያቫላላውግ የተባለው ገንዳ ነው። በ1923 የአካባቢው ወጣቶች በራሳቸው ጉልበት ሠሩት። እኛ ደቦ የምንለው ዓይነት ነው። 25 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ስፋት አለው። አንደኛው ግድግዳ አልተሠራም፤ ገደሉ ራሱ ነው ግድግዳው። ሙቁ ውሃ ከዓለቱ እየተንጠባጠበ ይገባል።

እዚያ ድረስ መኪና አይገባም። መኪናውን አቁሞ በሸለቆው ውስጥ በድንጋይ ላይ መራመድ ነው፤ ትንሽ ምንጭ መሻገርም አለ። እኔ የሄድኩ ቀን ካፊያ ነበር። ልብስ መቀየሪያው ባዶ ክፍል ነው፣ ሠራተኛ የለም፣ ቲኬት የለም። ውሃው ለብ ያለ ብቻ ነው፤ ሙቀት የፈለገ ሰው ውሃው ወደሚወርድበት ጥግ ይጠጋል። ወለሉ አረንጓዴ ሽበት አውጥቶ ያንሸራትታል። ጽዳቱም በበጎ ፈቃደኞች ነው። በ2010 ኤያፍያላዮኩል የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ (ያ የአውሮፓን በረራ ያቆመው) ገንዳው በአመድ ተሞላ። በዓመቱ ሰዎች አካፋ ይዘው መጥተው አወጡት። በ1923 በደቦ የተሠራው በ2011ም በደቦ ጸዳ። እኔ ይህን ስሰማ ሆዴ ነው የተላወሰው።

ደቦ ብቻውን ግን አገር አያዳርስም። ወሳኙ ነገር በ1940 የወጣው የስፖርት ሕግ ነው። ሕጉ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ዋና በመላ አገሪቱ ለተማሪ ሁሉ ግዴታ ሆነ። ሁለተኛ፣ የስፖርት ማዘውተሪያ ለሚሠሩ አካባቢዎች ከመንግሥት ድጋፍ የሚሰጥ ፈንድ ተቋቋመ። ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ነው ቁም ነገሩ። ግዴታውን ብቻ ቢጥሉ ኖሮ ትምህርት ቤቶቹ ልጆቹን የት ወስደው ያስተምራሉ? ፈንዱን ብቻ ቢያቋቁሙ ደግሞ ገንዳው ተሠርቶ ባዶውን ይውል ነበር። ሕጉ ተጠቃሚውንም ገንዘቡንም በአንድ ቀን ፈጠረ። ከዚያ በኋላ አንድ መንደር ትምህርት ቤት ሲያስብ ገንዳም አብሮ ማሰቡ የተለመደ ሆነ።

ከሕጉ በፊት የተሠራ አንድ ትልቅ ሕንፃ አለ፤ ሬይክያቪክ መሐል ያለው ሱንድሆል የተባለው የቤት ውስጥ መዋኛ። የነደፈው ጉድዮን ሳሙኤልሶን ነው፣ ያንን በፎቶ የምታውቁትን ረጅሙን የሃትልግሪምስ ቤተ ክርስቲያን የነደፈው ሰውዬ። ግንባታው በ1929 ተጀመረ፣ የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ገንዘብ አጥሮ ተጓተተ፣ በመጨረሻ በ1937 ተከፈተ። በ2017 ደግሞ የውጭ ገንዳ ተጨመረለት።

ዋና ግዴታ መሆኑ ምን አመጣ ለሚል ሰው አይስላንዶች የሚነግሩት አንድ ታሪክ አላቸው። በመጋቢት 1984 ከቬስትማን ደሴቶች አጠገብ አንዲት ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሰመጠች። አምስት ሰዎች ነበሩ። አራቱ ሞቱ። ጉድላውጉር ፍሪድቶርሶን የተባለው የ22 ዓመት ወጣት ግን በረዶ ሊሆን ትንሽ በቀረው ባሕር ውስጥ አምስት ስድስት ሰዓት ዋኝቶ ዳርቻ ደረሰ። ከዚያም በባዶ እግሩ ሹል የሆነውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተራምዶ ቤት አገኘ። ሐኪሞች በኋላ ሲመረምሩት የሰውነቱ ስብ ከሰው የተለየ ወፍራም ሆኖ አገኙት፤ ያዳነው እሱ ነው የሚሉ አሉ። ስቡ ብርዱን ተቋቁሞ ይሆናል፣ ግን ስብ ብቻውን አይዋኝም። የደሴቱ ሰዎች እስከ ዛሬ በየዓመቱ መጋቢት ላይ በከተማቸው ገንዳ ስድስት ኪሎ ሜትር እየዋኙ ያስቡታል።

አሁን ወደ ሙቁ ውሃ። ብዙ ሰው «እነሱማ ፍል ውሃ አላቸው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እውነት አለው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው።

እስቲ እናስላ። 50 ሜትር በ25 ሜትር የሆነ፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 2.5 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል። ያንን ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 28 ዲግሪ ለማሞቅ ብቻ 29,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ይህ የመጀመሪያው ቀን ሂሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍት ገንዳ ቀን ከሌት በትነት ሙቀቱን ይለቃል፤ ነፋስ ሲኖር ይብሳል። በኤሌክትሪክ ወይ በናፍጣ የሚያሞቅ ማዘጋጃ ቤት ይህን ሂሳብ ሲያይ ነው ገንዳውን የሚዘጋው። አይስላንድ ውስጥ ግን ከአሥር ቤት ዘጠኙ የሚሞቀው ከመሬት በሚወጣ ሙቅ ውሃ ስለሆነ ገንዳው ላይ ይህ ሸክም ይቀላል።

ይህም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ሬይክያቪክ ውስጥ ላውጋርዳሉር የሚባል ሸለቆ አለ። ሴቶች የከተማውን ልብስ ተሸክመው እየሄዱ በፍል ውሃው ያጥቡ ነበር። በ1930 ከዚያ ሸለቆ ሦስት ኪሎ ሜትር ቱቦ ተዘረጋ፤ ውሃው የደረሰው ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ጥቂት ቤቶች ነበሩ፣ ቆይቶም ሱንድሆል። ዛሬ የሬይክያቪክን ሙቅ ውሃ የሚያቀርበው ድርጅት የማዘጋጃ ቤቶች ንብረት ነው፤ ትልቁ ድርሻ የሬይክያቪክ ነው። ውሃውም የከተማው፣ ገንዳውም የከተማው። በዚያው ሸለቆ በ1968 የተከፈተው ላውጋርዳልስላውግ 50 ሜትር ገንዳ ያለው የከተማው ትልቁ መዋኛ ነው።

እዚህ ላይ አገራችንን ሳላነሳ አላልፍም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው ነው። የሒልተን ሆቴል ገንዳ የሚሞቀው ከዚያው ከከተማዋ ፍል ውሃ ነው። ሶደሬ አለ፣ ወንዶ ገነት አለ፣ አምቦ አለ። አይስላንድ ከ1979 ጀምሮ የከርሰ ምድር እንፋሎት ባለሙያዎችን ከብዙ አገር እየተቀበለች ስታሠለጥን ኢትዮጵያውያንም ሄደው ተምረዋል፤ አሉቶ ላንጋኖ ላይ የእንፋሎት ማመንጫ እንዳለንም ይታወቃል። ሙቅ ውሃውም ባለሙያውም አለን ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ገንዳ የሆቴል ነገር ሆኖ ቀረ፤ እነሱ ጋ የትምህርት ቤት ነገር ሆነ።

ቬስቱርባየር በ1961 ነው የተከፈተው። የሰፈሩ ማኅበራት ለዓመታት ገፍተው፣ መዋጮ ሰብስበው፣ ከተማዋ ጨምራበት። ከመዋጮው ይልቅ የከተማዋ ብር ይበልጣል የሚል ይኖራል፣ ይሆናልም። ግን ሰፈሩ ባይጮህ ኖሮ ያ ገንዳ እዚያ ቦታ አይኖርም ነበር። በ1962 ደግሞ ክብ ሙቅ ገንዳ ተጨመረለት፣ የስኖሪን የመሰለ። ይህ ነገር ከኛ ገንዳ ተነስቶ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ዛሬ ሙቅ ገንዳ የሌለው መዋኛ ማግኘት ይቸግራል። ሙቀቱ ከ38 እስከ 44 ዲግሪ ይደርሳል።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ገላዬን በቁምጣ ታጠብኩ። ሠራተኛው መጣና ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳየኝ። የሰው ምስል ነው፤ ራስ፣ ብብት፣ ጉያና እግር ቀለም ተቀብተዋል። ሳይለብሱ በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። ለኛ ሰው መጀመሪያ ይከብዳል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ሰው ንጹሕ ሆኖ ከገባ ክሎሪኑ ትንሽ ይበቃዋል። ከዚያ ወጥቼ በብርዱ ሮጬ ሙቁ ገንዳ ውስጥ ገባሁ። ሽማግሌዎች እስከ አንገታቸው ጠልቀው ስለ ማዘጋጃ ቤት ምርጫ ይከራከራሉ። አንዱ ጎረምሳ ትምህርት ቤት ቦርሳውን ጥሎ መጥቷል። ጠበል ቦታ እንጂ ስፖርት ቦታ አልመሰለኝም።

ገንዘቡስ? ዋናው ከፋይ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። አይስላንድ ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ከነዋሪው ገቢ ላይ 15 ከመቶ አካባቢ በቀጥታ ይወስዳል፤ ትምህርት ቤቱም ገንዳውም ከዚያ ነው። ቲኬት ወጪውን አይሸፍንም፣ ይሸፍናል ተብሎም አይጠበቅም። ሬይክያቪክ ውስጥ ለአንድ ጊዜ የሚገባ አዋቂ ከ1,000 ክሮና (የአገሪቱ ገንዘብ) በላይ ይከፍላል። ቱሪስቱ ይህን ይከፍላል፣ ነዋሪው ግን የብዙ ጊዜ ካርድ ወይም የዓመት ካርድ ስለሚገዛ በጣም ይረክስለታል። ይህ ዘዴ ለቱሪስቱ አይመችም የሚሉ አሉ። ታክስ የሚከፍለው ነዋሪው ስለሆነ እኔ ትክክል ነው ባይ ነኝ።

ሌላው ዘዴ አንድን ገንዳ ለብዙ ማሠራት ነው። ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት የዋና ክለብ፣ ማታ ሕዝብ። ሬይክያቪክ በ2021 መጨረሻ የከፈተችው ዳልስላውግ ከትምህርት ቤት፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከስፖርት ቦታ ጋር አንድ ግቢ ነው የተሠራው። ስጦታም አለ። ሰሜን ውስጥ ሆፍሶስ የምትባል 200 ሰው የማትሞላ መንደር አለች። ሁለት ሴቶች በራሳቸው ገንዘብ ገንዳ አሠርተው በ2010 ለማዘጋጃ ቤቱ ሰጡ። የገንዳው ውሃ ከባሕሩ ጋር የተገናኘ እስኪመስል ድረስ አፋፉ ላይ ተቀምጧል። ግን ስጦታው ግንባታውን ነው፤ የጠባቂውን ደመወዝና የየዓመቱን ጥገና ማዘጋጃ ቤቱ ነው የተሸከመው።

ችግርም አይጠፋም። ብርድ ሲበረታና ሙቅ ውሃው ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነስበት ገንዳ ነው፤ ቤት ይቀድማላ። በየካቲት 2024 ሬይክያነስ በተባለው ልሳነ ምድር ላይ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ዋናውን የሙቅ ውሃ ቱቦ ቆርጦ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ያለ ማሞቂያ ሲቀር የአካባቢው ገንዳዎችም ተዘጉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ኮቪድ ነበር። መጋቢት 2020 ላይ የአገሪቱ ገንዳዎች በሙሉ ተዘጉ። እንዲከፈቱ የተፈቀደው ለግንቦት 18 ነበር። ሬይክያቪክ እስኪነጋ አልጠበቀችም፤ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ በሮቹን ከፈተች። ሰዎች ፎጣቸውን ይዘው ደጅ ላይ ተሰልፈው እየጠበቁ ነበር።