የጀርመን የመጀመሪያዎቹ ሰርጓጅ መርከቦች፦ የሚወራውና የነበረው

የጀርመን ሰርጓጅ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ፊልም ነው። ቀይ መብራት፣ ላብ ያጠመቀው ካፒቴን፣ ከላይ የሚፈነዳ ቦምብ። ያ ሥዕል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ታሪክ ሌላ ነው፤ በወሬ ግን ሁለቱ ተደባልቀዋል። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

“ሰርጓጅን የፈጠሩት ጀርመኖች ናቸው”

አይደሉም። እንዲያውም ዘግይተው ነው የገቡት። በ1864 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ሃንሊ የምትባል በሰው ክንድ የምትዘወር ጀልባ አንድ የጦር መርከብ አስጥማለች። ጀርመን ውስጥ ቪልሄልም ባወር የሚባል ሰው ከዚያ በፊት ሞክሮ ነበር። በ1851 ጀልባውን ኪል ወደብ ላይ ሲፈትሽ ሰጠመች። ባወርና ሁለት ባልደረቦቹ ከታች ሆነው ውሃው ቀስ እያለ እንዲገባ ለሰዓታት ጠበቁ። የውስጡና የውጭው ግፊት ሲመጣጠን ክዳኑን ከፍተው ወጡ። ሦስቱም ተረፉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተኛ። የባሕር ኃይሉ ኃላፊ አድሚራል ቲርፒትዝ ገንዘቡን የሚያፈሰው ትልልቅ የጦር መርከቦች ላይ ነበር። የባሕር ኃይሉ የመጀመሪያዋ ሰርጓጅ ዩ-1 ሥራ የጀመረችው በ1906 መጨረሻ ነው፤ “ዩ” የጀርመን ሰርጓጆች መለያ ፊደል ነው። የሚገርመው፣ እሷን የሠራው ኪል የሚገኘው የክሩፕ መርከብ ፋብሪካ ለሩሲያ መሸጥ የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ዩ-1 ዛሬም ሙኒክ በሚገኘው የዶይቸስ ሙዚየም አለች። ጎኗ ተከፍቶ ሆዷ ይታያል።

“ከጥንቱም በናፍጣ ነበር የሚሄዱት”

ላምባ ምድጃ የለኮሰ ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ከዩ-1 እስከ ዩ-18 ያሉት ሞተራቸው የሚሠራው በላምባ ነበር። ምክንያት አለው። ቤንዚን በዝግ ቦታ ውስጥ ትነቱ በቀላሉ ይፈነዳል። ላምባ ከሱ ይሻላል። ግን ጭሱስ? ቀን ላይ ነጭ ጭስ ከሩቅ ይታያል፣ ሌሊት ላይ ደግሞ ፍንጣሪው። ድምፁም ቀላል አልነበረም። ለመደበቅ የተሠራ ጀልባ “እዚህ ነኝ” እያለ ይሄዳል ማለት ነው። ናፍጣ የገባው በ1913 ከዩ-19 ጀምሮ ነው።

“ጦርነቱ ሲጀመር ባሕሩን ሞልተውት ነበር”

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፣ በኦገስት 1914፣ ቁጥራቸው 30 አይሞላም ነበር። እንግሊዝ ከእጥፍ በላይ ነበራት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ስም ከየት መጣ? አንዱ መልስ ሴፕቴምበር 22፣ 1914 ነው። ኦቶ ቬዲገን የሚመራት ዩ-9፣ ያችው ባለ ላምባዋ፣ ከሆላንድ ጠረፍ ራቅ ብላ ሦስት ያረጁ የእንግሊዝ ክሩዘሮች፣ ማለትም የጦር መርከቦች፣ አገኘች። አንዱን መታች። የመርከቡ አዛዥ የመታው የባሕር ፈንጂ መሰለው፤ ሌሎቹን “ኑና እርዱን” ብሎ ጠራቸው። እነሱም ቆመው የሚዋኙትን ማንሳት ጀመሩ። ዩ-9 ሁለተኛው ላይ ሁለት ቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ ራሱን እየነዳ የሚሄድ ፈንጂ) ስትለቅ ከፊት በኩል ቀለላትና አፍንጫዋ ከውሃ ብቅ አለ። ተኮሱባት፣ ሳቷት። ሦስተኛው ያኔም አልሸሸም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ውስጥ ሦስቱም ሰጠሙ፤ ከ1,400 በላይ ሰው አለቀ። እንደኔ እንደኔ፣ ያን ቀን የገደለው ከቶርፔዶው እኩል ያ የመጀመሪያው ግምት ነው።

“ሁልጊዜ ከውሃ በታች ነበሩ”

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። እነዚህ ጀልባዎች ትንፋሹን ይዞ እንደሚጠልቅ ዋናተኛ እንጂ እንደ ዓሣ አልነበሩም። ሞተሩ አየር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከውሃ በታች የሚሄዱት በባትሪ ብቻ ነው። ባትሪው በፍጥነት ከተነዳ ቶሎ ያልቃል፣ ለመሙላት ደግሞ ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው። ፍጥነታቸውም ከታች በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ አብዛኛው ጉዞ ላይ ላዩን ነበር፣ በማዕበል እየተናጡ። መጥለቅ ለማጥቃትና ለማምለጥ ነው።

“የሚያሰጥሙት በቶርፔዶ ብቻ ነው”

ቶርፔዶ ውድ ነው፣ የሚጫነውም ጥቂት ነው። ዩ-9 የያዘችው ስድስት ብቻ ነበር። በታሪክ ብዙ መርከብ ያሰጠመው የሰርጓጅ አዛዥ ሎታር ፎን አርኖ ደ ላ ፔሪየር ይባላል፤ ሥራውን የሠራው በብዛት በመድፍ ነው። እሱ የሚመራት ዩ-35 በጁላይና ኦገስት 1916 በሜዲትራኒያን ባሕር በአንድ ጉዞ ብቻ 54 መርከቦች አሰጠመች። የተኮሰችው ቶርፔዶ አራት ነው። አሠራሩ ከመንገድ ላይ ፍተሻ ብዙ አይለይም፦ ላይ ወጥቶ ማስቆም፣ ወረቀት ማየት፣ ሠራተኞቹን ወደ ሕይወት አድን ጀልባ ማስወረድ፣ ከዚያ መርከቡን ማስጠም።

“ሉሲታኒያ ስትሰጥም አሜሪካ ወዲያው ጦርነት ገባች”

ሉሲታኒያ የምትባለውን የእንግሊዝ የመንገደኞች መርከብ ዩ-20 የመታቻት በሜይ 7፣ 1915 ነው፤ በአንድ ቶርፔዶ። 18 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። ወደ 1,200 ሰው ሞተ፣ ከ120 በላይ አሜሪካውያን ነበሩበት። አሜሪካ ጦርነት ያወጀችው ግን በኤፕሪል 1917 ነው። በመሃሉ ወደ ሁለት ዓመት አለ። ጀርመን መጀመሪያ በአሜሪካ ተቃውሞ ምክንያት ጥቃቱን ረገብ አድርጋ ነበር። ከፌብሩዋሪ 1917 ጀምሮ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ማስጠሙን እንደገና ጀመረች። ለሜክሲኮ “ከኛ ጋር ቁሙ” ብላ የላከችው ቴሌግራምም ተጋለጠ።

“የሚደርስባቸው አልነበረም”

ከጦርነቱ የመጀመሪያ ቀናት በአንዱ፣ ኦገስት 9፣ 1914፣ በርሚንግሃም የሚባል የእንግሊዝ ክሩዘር ዩ-15ን ላይዋ ላይ ወጥቶ ለሁለት ቆረጣት። ቬዲገንስ? በማርች 1915 ዩ-29 የምትባል አዲስ ጀልባ ይዞ ሳለ፣ ድሬድኖት የተባለው ግዙፍ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ፔሪስኮፗን፣ ከውሃ በላይ የምታይበትን ቱቦ፣ አየው። መድፍ አልተኮሰም፤ ዝም ብሎ ነዳባት። አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀጥ ሲል 29 የሚለው ቁጥር ተነበበ። ከውስጧ የተረፈ የለም።