«ጣል አድርገው ይመለሳሉ» ለምትሉ

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር አንዱ እጁን ያወጣል። «የአሜሪካ ቦምብ ጣዮችማ ምን ነበረባቸው? ጣል አድርገው ይመለሳሉ፤ ማታ አልጋቸው ላይ ይተኛሉ» ይላል። ሰለቸኝ።

አልጋው እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1943 ከእንግሊዝ ወደ ጀርመኗ ከተማ ሽዋይንፉርት ከተላኩት 291 ቢ-17 የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች 60ዎቹ አልተመለሱም። አንዱ አሥር ሰው ይይዛል። በዚያ ማታ ስንት አልጋ ባዶ እንዳደረ እናንተው አስሉት። እንግሊዝ የሰፈረው የአሜሪካ ስምንተኛው የአየር ኃይል ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ26,000 በላይ ሰው ሞቶበታል።

ደግሞ ቢ-17ን ዛሬ እንደምንሳፈርበት አውሮፕላን አትሳሉት። ውስጡም እንደ ውጪው ነው። በ7,500 ሜትር ከፍታ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ይብሳል። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ገደማ ነው! የጎን መትረየስ ተኳሾች፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ የሚቆሙት ክፍት መስኮት ላይ ነበር። ጓንቱን አውልቆ ብረት የነካ ቆዳው እዚያው ይቀራል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ነበራቸው፤ ሽቦው ሲበጠስ ግን ተራ ልብስ ነው። የኦክስጅን ቱቦው በበረዶ ከተደፈነ ደግሞ ሰውየው ሳይታወቀው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል። በየጊዜው በመነጋገሪያው የሚጠራሩት ለወሬ አልነበረም።

«ሁሉም ፓይለት ነበሩ»? አይደሉም። ከአሥሩ ብዙውን ጊዜ አራቱ መኮንኖች ነበሩ፣ የቀሩት ባለሌላ ማዕረግ፣ በአብዛኛው ሳጅኖች።

«25 የውጊያ በረራ ጨርሶ ወደ ቤት ይመለሳል»? በ1944 የሚጠበቅባቸው ቁጥር 30፣ ቀጥሎም 35 ሆኗል።

«አውሮፕላኑ ሆድ ሥር የተንጠለጠለው ተኳሽ ቀድሞ ይሞታል» የሚለውንም ተዉት። እዚያች ጠባብ ክብ ውስጥ ተጣጥፎ መቀመጥ ያስፈራል፤ ፓራሹት እንኳ አብሮ አይገባም። በመቁሰል ግን ከሌሎቹ ያነሱት እነሱ ነበሩ።

ሳጅን ሜይናርድ ስሚዝ እዚያ ነበር የተመደበው። በሜይ 1943፣ በመጀመሪያ በረራው፣ ከፈረንሳይ የወደብ ከተማ ከሳን ናዜር ሲመለሱ አውሮፕላኑ በእሳት ተያያዘ። ሦስት ባልደረቦቹ በፓራሹት ዘለሉ። እሱ ቀረ። የቆሰለውን የጭራ ተኳሽ አከመ፣ የሚፈነዳ ጥይት በሣጥኑ ወደ ውጪ ወረወረ፣ መሐል ላይ መትረየስ ተኮሰ፣ ማጥፊያው ሲያልቅ ሽንቱን ሳይቀር እሳቱ ላይ ሸና። አውሮፕላኑ እንዳረፈ ለሁለት ተሰበረ። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን የአገሪቱን ከፍተኛ ሜዳሊያ ሊሸልሙት ሲመጡ ጀግናው የተገኘው ወጥ ቤት ነው፤ አርፍዶ በመምጣቱ ተቀጥቶ።