ከድሬና ከሐረር የምትታየው ደብዛዛዋ ብርቱካናማ ኮከብ

61 ሳይግኒ ዓይን የማትሞላ ኮከብ ናት። የድምቀት ቁጥሯ 5 ገደማ ነው። በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኮከቡ ይደበዝዛል፤ ያለ መሣሪያ የሚታየው እስከ 6 አካባቢ ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ መብራት ሥር ቆሞ እሷን መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ጥሩው ጊዜ የመስቀል ሰሞን ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ በሰሜን በኩል 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ለድሬ ሰው አቅጣጫው ይመቻል፤ ተራራው በደቡብ ነው፣ ሰሜኑ ሜዳ። ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብርሃኑን የሚያደበዝዘው አየር ይሳሳላታል። ከጁገል ራቅ ብሎ ጨለማ ቦታ መያዝ ነው፣ ጅቡን ካልፈሩ።

መንገድ የሚመራው ሰሜናዊ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ነው። በመስቀል ሰሞን መስቀል ሰማይ ላይ መኖሩ ደስ ይላል፤ ከእኛ ዘንድ ግን ዘመም ብሎ፣ ራሱን ወደ ሰሜን ዘቅዝቆ ነው የሚታየው። ራሱ ላይ ያለው ደማቅ ኮከብ ደነብ ይባላል። ቃሉ ዓረብኛ ነው፣ ጅራት ማለት ነው። ደነብን፣ መሃል ያለውን ሳድርንና የምሥራቁን ክንድ ኮከብ ሦስት ማዕዘን አድርጉና አራተኛውን ጨምራችሁ ዘመም ያለ ሳጥን ሥሩ። አራተኛው ማዕዘን ላይ ያለችው እሷ ናት።

ብርቱካናማነቷን በባዶ ዓይን አትጠብቁ። ዓይናችን በደካማ ብርሃን ቀለም አይለይም። በትንሽ ቴሌስኮፕ ሲያዩ ግን ጉድ ነው፦ አንዷ ሁለት ሆና ትገኛለች። ቀለማቸውም፣ ለእኔ፣ ከብርቱካን ልጣጭ ይልቅ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። ምክንያቱ ሙቀት ነው። የፀሐይ ገጽ 5,800 ኬልቪን ያህል ሲሆን የትልቋ 4,400 ገደማ ነው፤ ታናሿ ደግሞ ከዚያም ትቀዘቅዛለች። አንዷ ሌላዋን ዞራ ለመጨረስ 700 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል።

ዝናዋ ግን ከርቀቷ ነው። በ1838 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቤሰል ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቧ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ስትል ለካ። ጣትን ፊት ለፊት አቁሞ በአንድ ዓይን ከዚያም በሌላው እንደማየት ነው። በዚህም ርቀታቸው በአስተማማኝ ሁኔታ ከተለካ ከዋክብት የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በዛሬው ልኬት 11.4 የብርሃን ዓመት፣ ማለትም ብርሃን በ11.4 ዓመት የሚጓዘው ርቀት። የመረጣት ሰማይ ላይ ፈጥና ቦታ ስለምትቀይር ነው፤ ይህም ቅርብ ለመሆኗ ምልክት ነበር። ከእሱ በፊት ጣሊያናዊው ፒያዚ «በራሪዋ ኮከብ» ብሏት ነበር። የጁገልን ግንብ አሠሩ የሚባሉት ኢሚር ኑር ሐረርን ከገዙበት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ሰማይ ላይ ከአንድ ሙሉ ጨረቃ ስፋት በላይ ተጉዛለች።