ከቶንሲል ባለፈ፦ ስትሬፕቶኮከስ የሚያመጣቸው ጥቂት ግን ከባድ ሕመሞች

ስትሬፕቶኮከስ ፒዮጂንስ የሚባለውን ባክቴሪያ በስም ባናውቀውም በሥራው እናውቀዋለን። በልጅነታችን ጉሮሯችንን አሳብጦ ከትምህርት ቤት ካስቀሩን ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ባለሙያዎች «ግሩፕ ኤ» ይሉታል፤ ይህን የምድብ አሠራር ያወጣችው አሜሪካዊቷ ሬቤካ ላንስፊልድ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1933። አብዛኛውን ጊዜ ከጉሮሮና ከቆዳ አያልፍም። አልፎ አልፎ ግን ወደ ደም፣ ወደ ጡንቻና ወደ ውስጠኛው የሰውነት ክፍል ይዘልቃል። ያኔ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ይሆናል።

በጣም የሚያስፈራው ከቆዳ ሥር ያለውን ሥጋ የሚገድለው ዓይነት ነው። በዜና «ሥጋ በል ባክቴሪያ» ሲባል ይሰማል። ባክቴሪያው በእርግጥ ሥጋ አይበላም። የሚረጨው መርዝ የደም ሥሮችን ይዘጋል፣ ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል። መግቢያው ትንሽ ጭረት ሊሆን ይችላል። የልጆች ጉድፍ ቁስል ሊሆን ይችላል። ኳስ ሲጫወቱ የተመታ፣ ምንም ያልተላጠ እግር ላይም ይጀምራል።

ዋናው ምልክት ሕመሙ ከሚታየው ነገር መብለጡ ነው። ቆዳው ትንሽ ቀላ ብሏል፤ ሰውየው ግን መቆም አቅቶታል። ከዚያ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ እብጠቱ በፍጥነት ይሰፋል፣ ቆዳው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይሄዳል፣ ውኃ ይቋጥራል። በመጨረሻ ቦታው ይደነዝዛል። ይህን «ተሻለኝ» ብሎ መውሰድ ትልቅ ስህተት ነው፤ ሕመሙ የጠፋው ነርቮቹ ስለሞቱ ነው።

መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። ደም ወዳልደረሰበት ሥጋ መድኃኒትም አይደርስም። ሐኪሞች የሞተውን ክፍል ቆርጠው ማውጣት አለባቸው፤ ብዙ ጊዜም ታካሚው ደጋግሞ ኦፕሬሽን ክፍል ይገባል። ከፔኒሲሊን ጋር ክሊንዳማይሲን የሚሰጠው ባክቴሪያው መርዙን እንዳያመርት ስለሚያግደው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ በፊት ያሉት ሰዓታት ናቸው። ሜክሲኮም ሆነ ፒያሳ እግሩን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ፋርማሲ ነው። ዲክሎፍናክ ይገዛል፣ ውጦ ይተኛል፣ «ነገ አየዋለሁ» ይላል። ማስታገሻው ሕመሙን ሲያለዝበው ዋናው ማስጠንቀቂያ ይደበቃል። ትኩሳት ያለበትና እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም የያዘው ሰው በዚያው ሌሊት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። መሃል ከተማ ላለ ሰው ጥቁር አንበሳም ዘውዲቱም ሩቅ አይደሉም።

ሁለተኛው ከባድ ሕመም መርዙ ደም ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው ሾክ ነው። በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊትና ጉበት ይደክማሉ። ጥሩ ሕክምና ባለባቸው አገሮች እንኳ ከ10 ታማሚዎች እስከ 3 ይሞታሉ።

አራሶችም የዚህ ባክቴሪያ የቆዩ ተጠቂዎች ናቸው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1879 ፓሪስ ውስጥ የወሊድ ትኩሳትን ምክንያት ሲያስረዳ ሰሌዳ ላይ እንደ ጨሌ የተደረደሩ ነጠብጣቦችን ሣለ። ጉለሌ በኩል «ፓስተር» የምንለው ሰፈር የሱን ስም የያዘው እዚያ በነበረው የምርምር ተቋም በኩል ነው። ከፓስተር በፊት፣ በ1847፣ ኢግናዝ ዜመልቫይስ ቪየና ውስጥ ሐኪሞች እጃቸውን ሲታጠቡ የእናቶች ሞት እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። ዛሬም ጋንዲ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ ወልዳ ቤቷ የገባች እናት ትኩሳትና የሆድ ሕመም ከያዛት ገንፎውና እንግዳው ይቆይ፤ ወደ ሐኪም ትመለስ። «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽትቶ ማሳደር ውድ ሰዓት ያባክናል።

አራስ ሕፃናትን ደግሞ የሚያጠቃው የዚህ ባክቴሪያ ዘመድ፣ «ግሩፕ ቢ» የሚባለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደምንና የአንጎል ሽፋንን ይመርዛል። የሳንባ ምች የሚያመጣው ሌላው ዘመድ ኒሞኮከስ ነው፤ ለሱ ኢትዮጵያ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሕፃናት ክትባት ትሰጣለች። ለግሩፕ ኤ ግን እስካሁን ክትባት የለም።

እዚህ አገር ብዙ ቤት ያንኳኳው ጉዳት ግን ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ካለፈ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ጉልበቱን፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል። ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመውጋት ያመረተው መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ በሮች እያጠቃ ነው። መገጣጠሚያው ይድናል። ልቡ ላይ የደረሰው ጠባሳ ግን ይቀራል።

ቤተሰብ ግን ለቶንሲል እንጥል የሚቆርጥ ሰው ይፈልጋል። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደም ያፈሳል፣ ለሌላ ኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ሌላው ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ጉሮሮው ሲሻለው በሁለተኛው ቀን ያቋርጣል። ይህ ደግሞ ባክቴሪያውን ጉሮሮ ውስጥ ይተወዋል።

በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የሕፃናት ልብ ሕክምና ማዕከል በዚህ መንገድ ልባቸው የተጎዳ ልጆችንም ያክማል። ኦፕሬሽኑ ከባድ ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ደስ የሚለው ነገር ይህ ባክቴሪያ ዛሬም ለፔኒሲሊን ይንበረከካል። አንዴ ልቡ የተነካ ልጅ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይወጋል፣ ለዓመታት። ልጁ ሮጦ ሲጫወት ያየ ወላጅ «አሁንማ ድኗል» ብሎ መርፌውን ሊያስቀር ይፈልጋል። ልጁ የሚሮጠው ግን መርፌው አዲስ ጥቃት እንዳይደርስበት ስለጠበቀው ነው፤ መቼ እንደሚቆም የሚወስነውም የሚከታተለው ሐኪም ነው።