ስለ ኒቼ የሚወራውና እውነታው

“ኒቼ? ያ ‘እግዜር ሞቷል’ ያለው ከሃዲ? የሂትለር መምህር?” የጀርመናዊው ፈላስፋ ስም ሲነሳ መጀመሪያ የምሰማው ይሄን ነው። ሁልጊዜም ያንገበግበኛል። ሰውየው ራሱ ምን ብሎ እንደጻፈ እንይ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“በእግዚአብሔር ሞት ጨፈረ”

“እግዜር ሞቷል” የሚለው ንግግር የታወቀው በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ባለች አጭር ታሪክ ነው። አንድ እብድ በጠራራ ረፋድ ፋኖስ አብርቶ ገበያ ይወጣል። “እግዚአብሔርን እፈልጋለሁ!” እያለ ይጮኻል። እዚያ ከቆሙት ብዙዎቹ የማያምኑ ናቸው። “ምነው፣ እንደ ሕፃን ጠፋ እንዴ?” እያሉ ይስቁበታል። እብዱ ዘሎ መሃላቸው ይገባል። “የገደልነው እኛ ነን፣ እናንተና እኔ!” ይላቸዋል። ሰዎቹ ዝም ብለው ያዩታል። ፋኖሱን መሬት ላይ ይከሰክሰዋል። “ቶሎ መጣሁ፣ ጊዜዬ ገና ነው” ይላል።

ልብ በሉ፣ እብዱ የሚጮኸው በሚስቁት ላይ ነው። ኒቼ የሉተራን ቄስ ልጅ ነው። በኋላ እምነቱን ትቷል፣ ክርስትናንም ክፉኛ ተችቷል፤ ይሄ አይካድም። ግን አውሮፓ እምነቷን ስታጣ በምን ልትኖር ነው የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶታል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ጭፈራ የለም።

“ሕይወት ትርጉም የለውም ብሎ አስተማረ”

እንዲያውም የፈራው ይሄንኑ ነው። ትርጉም ማጣት እንደ በሽታ እየመጣ እንደሆነ አስጠነቀቀ፣ መድኃኒቱንም ሲፈልግ ኖረ። “ልዕለ ሰብ” ያለውም ራሱን አሸንፎ አዲስ እሴት የሚፈጥር ሰው ነው። የዘር ጉዳይ አይደለም።

“የናዚ ፈላስፋ ነበር”

ኒቼ የሞተው በ1900 ነው። ናዚ ፓርቲ በዚህ ስሙ የመጣው በ1920። ስለ ደካሞችና ስለ ዴሞክራሲ የጻፋቸው ጨካኝ ዓረፍተ ነገሮች አሉ፣ ናዚዎች እነሱን መርጠው ወስደዋል። የአይሁድ ጥላቻን ግን አጥብቆ ይጠየፍ ነበር። እህቱ ኤልሳቤት በ1885 በርንሃርድ ፎርስተር የሚባል የታወቀ ፀረ አይሁድ ቀስቃሽ ስታገባ ሰርጓ ላይ አልተገኘም። በ1887 መጨረሻም ይህ ዝምድናዋ ምን ያህል እንደሚያናድደው በደብዳቤ ነገራት።

ባልና ሚስቱ ፓራጓይ ሄደው ለ“ንጹህ” ጀርመኖች መንደር መሠረቱ። ነገሩ አልሰመረም፤ ፎርስተር በ1889 ራሱን አጠፋ። በዚያው ዓመት ጥር ኒቼ ቱሪን በምትባል የጣሊያን ከተማ አእምሮውን ሳተ። ኤልሳቤት ተመልሳ ጽሑፎቹን በእጇ አስገባች። ቫይማር በምትባል የጀርመን ከተማ ባለው ቤት ነጭ ልብስ አልብሳ ለእንግዶች ታሳየው ነበር። እሱ መልስ መስጠት አይችልም። ከሞተ በኋላ፣ በ1901፣ ከማስታወሻዎቹ እየተለቀመ “የኃይል ፈቃድ” የሚባል መጽሐፍ በስሙ ወጣ። በ1935 እሷ ስትሞት ሂትለር ቀብሯ ላይ ተገኘ።

ጆርጆ ኮሊና ማዚኖ ሞንቲናሪ የሚባሉ ሁለት ጣሊያኖች ከ1960ዎቹ ጀምሮ የእጅ ጽሑፎቹን ቅጠል በቅጠል መረመሩ። ያን መጽሐፍ በዚያ መልክ ኒቼ እንዳላዘጋጀውም አሳዩ።