በነፍሱ የተወራረደው ሰው

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን የምጽፈው ከብዶኝ ነው።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ቆሜ ነበር። ለወንጌል አገልግሎት ወደ ውጭ አገር የላክናት አንዲት ወጣት እኅታችን ተመልሳለች። የላክናት ለ3 ዓመት ነበር፤ የመጣችው ግን በ14ኛው ወር ነው። ታማ ነው የመጣችው። ስትሄድ መድረክ ላይ አውጥተን፣ እጃችንን ጭነን፣ አልቅሰን ሸኝተናት ነበር። ስትመለስ ግን የኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አየኋት። አንድ ወንድም ቀረብ ብሎ ሰላም አላት። ገና እጇን ሳይለቅ «ታዲያ ስንት ሰው ዳነ?» አላት። መሬት መሬት እያየች «ቋንቋውን ገና እየተማርኩ ነበር» አለችው። እሱም «አይ፣ ጌታ ያውቃል» ብሎ ሄደ።

ያ «ጌታ ያውቃል» አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ወንድማችን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እኔም ለሌሎች እንዲሁ ብዬ አውቃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ግን አንድ ሰው ከሐሳቤ አልወጣም፤ አፍሮዲጡ።

ስለ አፍሮዲጡ ስብከት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የሰማሁት በጣም ጥቂት ነው። ፊልጵስዩስ ምዕራፍ 2 ላይ ስንደርስ ከቁጥር 5 እስከ 11 ያለውን፣ ስለ ክርስቶስ ትሕትና የሚናገረውን እንሰብክና መጽሐፉን እንዘጋለን። ከቁጥር 25 ጀምሮ ያለውን እንደ መንገደኛ ወሬ እናልፈዋለን። እኔ ግን ይህን ክፍል እወደዋለሁ። ወጣት ሳለሁ በባዕድ አገር ሳገለግል ማታ ማታ እየደጋገምኩ ያነበብኩት እሱን ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ጳውሎስ ታስሯል። በዚያ ዘመን እስረኛ ብዙውን ጊዜ የሚበላውንና የሚለብሰውን ከውጭ የሚያመጣለት ሰው ያስፈልገዋል። የፊልጵስዩስ ምእመናን አዋጡና በአፍሮዲጡ እጅ ላኩለት፤ አብሮት ሆኖም አገለገለው። ከዚያ ታመመ። ለሞት ደረሰ። እግዚአብሔር ማረው። ጳውሎስም ወደ አገሩ መልሶ ላከው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰበከ አይልም። ተአምር አደረገ አይልም። በእርሱ እጅ ስንት ሰው እንዳመነ የሚናገር አንድ መስመር የለም።

አሁን ቁጥር 26ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። «ሁላችሁን ይናፍቃልና፥ እንደ ታመመም ስለ ሰማችሁ ይተክዛል።»

ይናፍቃል! የቤተ ክርስቲያን መልእክተኛ ሰዎቹን ናፈቀ። ጳውሎስ ይህን አልደበቀለትም። ጸሎት አንሶት ነው አላለም። ጥሪው እውነተኛ ባይሆን ነው አላለም። ናፍቆቱን በደብዳቤ ጽፎ፣ በጉባኤ ፊት እንዲነበብ አደረገ። ደግሞ የሚያስተክዘውን ተመልከቱ። ያሳዘነው የእነርሱ መስማትና መጨነቅ ነው። ትኩሳት ይዞት አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ስልኩ ሲጠራ ድምፁን አስተካክሎ «ደኅና ነኝ እማዬ» ያለ ልጅ ይህ ቁጥር ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል።

ብዙዎቻችን የሚስዮናዊ ሕይወት ሲባል የሚታየን የተሰበሰበ ሕዝብ፣ የተዘረጋ እጅ፣ ጥምቀት ነው። እስቲ የእኅታችንን አንድ ቀን አብረናት እንዋል። እኔም የኖርኩት ስለሆነ ነው የምናገረው። ጠዋት ስትነሣ መጽሐፍ ቅዱሷን በራሷ ቋንቋ ታነባለች። በቀን ውስጥ የራሷን ቋንቋ የምትሰማው ምናልባት ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም ከራሷ አፍ። ከዚያ የቋንቋ ትምህርት አለ። ሦስት አራት ሰዓት ተቀምጦ የሕፃን ዐረፍተ ነገር መደጋገም። በአገሯ የምታስተምር፣ የምትመራ፣ በሰው ፊት የማትፈራ ልጅ እዚያ ዕቃ ለመግዛት ጣቷን ትቀስራለች። ሻጩ ይስቃል። አብራው ትስቃለች፤ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ከሰዓት በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ሰልፍ ትቆማለች። ተራዋ ሲደርስ አንድ ወረቀት ጎድሏል፣ ነገ ነይ ይሏታል። ልብስ አለ የሚታጠብ። ራት አለ የሚበስል። አመሻሽ ላይ ጎረቤት ለመጠየቅ ትሄዳለች፤ ጎረቤት የለም። ማታ አብራት ከምትኖረው ባልደረባዋ ጋር ለጸሎት ትንበረከካለች። ያቺ ባልደረባ ከሌላ አገር የመጣች ናት። ጠዋት ስለ ወጥ ቤት ጽዳት ተነጋግረው ተቀያይመዋል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ከመጸለያቸው በፊት አንዷ «ይቅርታ» ማለት አለባት፤ ያውም ለሁለቱም ባዕድ በሆነ ቋንቋ።

ነገም ይኸው ነው። ከነገ ወዲያም።

የቋንቋውን ነገር ሰው አቅልሎ ያየዋል። በሄድኩ በ5ኛው ወር አንድ ቤት ለታመመ ሰው እንድጸልይ ጠየቁኝ። ለጸሎት የሚሆን ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበረኝ። ሦስቱን ጸለይኩና ዝም አልኩ። የቤቱ ሰዎች አይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። እንድቀጥል ነው። የምቀጥለው አልነበረኝም። በራሴ ቋንቋ አንድ ሰዓት ሙሉ ብጸልይ የማይደክመኝ ሰው እዚያ እንደ ድዳ ቆምኩ። በመጨረሻ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እያልኩ አሜን አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚህ ምን ላደርግ ነው የመጣሁት እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።

ያጽናናኝ ዮሐንስ 1፥14 ነው። «ቃልም ሥጋ ሆነ።» ይህን ጥቅስ ስንት ጊዜ በቃሌ ብዬዋለሁ! ያን ሌሊት ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። ሁሉ በእርሱ የሆነ፣ ስሙ ቃል የተባለ ጌታ፣ በማርያም እቅፍ ሳለ መናገር አይችልም ነበር። እንደ ማንኛውም ሕፃን አፉን የፈታው እናቱ ስትናገር እየሰማ ነው። ዓለማትን በቃሉ የፈጠረ አንዲት ቃል ለማለት ተንተባተበ። ሉቃስ 3፥23 አገልግሎቱን ሲጀምር 30 ዓመት ያህል ሆኖት እንደነበር ይነግረናል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት በናዝሬት ሲሠራ፣ ሰፈሩን ሲሰማ፣ ከሰዎቹ እንደ አንዱ ሲኖር አሳለፋቸው። ከሰማይ የተላከው ልጅ ይህን ያህል ከታገሠ እኛ ልጆቻችንን በ6 ወር ፍሬ አሳዩን ማለትን ከየት ተማርነው?

ታሪክም ቢሆን አይደግፈንም። እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊልያም ኬሪ ሕንድ የደረሰው በ1793 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ሕንዳዊ አማኝ ክሪሽና ፓል የተጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነው። ሰባት ዓመት! ክሪሽና ፓል ደግሞ ወደ ወንጌል የቀረበው በትልቅ ጉባኤ አልነበረም። አናጢ ነበር፤ ትከሻው ወልቆ የኬሪ ባልደረባ የሆነው ሐኪም ሲያክመው ነው የተቀራረቡት። ሮበርት ሞሪሰን በ1807 ቻይና ገባ፤ የመጀመሪያውን አማኝ ያጠመቀው በ1814። አዶኒራም ጀድሰን በርማ (የዛሬዋ ማይናማር) በ1813 ደረሰ፤ የመጀመሪያውን ጥምቀት ያየው በ1819። እነዚህ ሰዎች በ14ኛው ወራቸው የእኛ በር ላይ ቢቆሙ ምን ነበር የምንላቸው? «ጌታ ያውቃል» ብለን ልንሄድ ነው?

ወገኖቼ፣ በግልጽ ልናገር። ልጆቻችንን ውሸት እያስተማርናቸው ነው። በየወሩ ሪፖርት ላኩ እንላቸዋለን፤ ሪፖርቱ ቁጥር ከሌለው ቅር ይለናል። ፎቶ ይኑረው እንላለን። ስለዚህ ልጁ አንድ ሰው «አስብበታለሁ» ሲለው «አንድ ነፍስ ለጌታ ቀረበ» ብሎ ይጽፋል። የጎረቤቱን ልጆች ሰብስቦ ፎቶ ያነሣና «የልጆች አገልግሎት ተጀመረ» ይላል። የልጆቹ እናት ፈቅዳ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እኔም ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች መካከል ዛሬ ሳስባቸው ፊቴ የሚቀላባቸው አሉ። ቃል በቃል ውሸት አልነበሩም፤ እውነትም አልነበሩም። የሚያነቧቸው ሰዎች እንዳያዝኑብኝ ፈርቼ ነው። ጌታ ይቅር ብሎኛል፤ የፍርሃቱን ምንጭ ግን ዛሬም በመካከላችን አየዋለሁ።

ጳውሎስ ግን እንዴት እንደ ጻፈ ተመልከቱ። ቤተ ክርስቲያኒቱ «ምነው ቶሎ መጣህ?» ልትለው እንደምትችል ያወቀ ይመስላል። ስለዚህ ቀድሞ መንገድ ዘጋ። አፍሮዲጡ መምጣት ፈለገ ብሎ ብቻ አልተወውም፤ እኔ ነኝ ልልከው ግድ የሆነብኝ አለ። ኃላፊነቱን በራሱ ትከሻ ላይ አደረገ። ስሙን ከመጥራቱ ጋር አምስት ማዕረግ ደረደረለት፤ ወንድሜ፣ አብሮኝ የሚሠራ፣ ወታደር፣ የእናንተ መልእክተኛ፣ የሚያስፈልገኝን የሚያገለግል። እዚያ ላይ «መልእክተኛ» የተባለው በግሪኩ «ሐዋርያ» የሚለው ያው ቃል ነው። ስንቅ ተሸክሞ ሄዶ ታሞ ለተመለሰ ሰው!

ከዚያ ቁጥር 30 ላይ ያ የሚገርመኝ ቃል ይመጣል፤ «በነፍሱ ተወራርዶ»። ውርርድ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሰው ያለውን ያስይዛል፤ ሊበላም ሊበላበትም ይችላል። አፍሮዲጡ ያስያዘው ገንዘብ አይደለም፣ ነፍሱን ነው። ለምን? ለታሰረ ወንድም ምግብና ልብስ ለማድረስ፣ ከጎኑ ለመቀመጥ። ጳውሎስ ይህን «የጌታ ሥራ» ብሎ ጠራው። ውኃ ማቀበሉ የጌታ ሥራ ነው። ደብዳቤ ማድረሱ የጌታ ሥራ ነው። እኅታችን በባዕድ ቋንቋ የተንተባተበችው እያንዳንዱ ቃልም እዚያው ውስጥ ነው።

ቁጥር 29 ደግሞ ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። «በሙሉ ደስታ በጌታ ተቀበሉት፥ እንደ እርሱ ያሉትንም አክብሩአቸው።» ይህን ትእዛዝ ስንቶቻችን ፈጽመነዋል? ስለ ሽኝት ብዙ እናውቃለን። ስለ መቀበል ግን ገና አልተማርንም።

ታሞ መመለስ የታሪኩ መጨረሻ ነው ያለን ማን ነው? እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ሃድሰን ቴይለር በ21 ዓመቱ፣ በ1854 ቻይና፣ ሻንጋይ ገባ። በ1860 ጤናው ተቃውሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ተመልሶ መሄዱ ያጠራጥር ነበር። በዚያው በተመለሰበት ጊዜ፣ በ1865፣ የቻይና የውስጥ አገር ሚስዮንን መሠረተ፤ በ1866 ሌሎችን ይዞ ተመለሰ። ማርቆስም አለላችሁ። እርሱስ ታሞም አልነበረም፤ ጳውሎስንና በርናባስን ከጰርጌ ትቶ ነው የተመለሰው፤ ጳውሎስም አልወስደውም ብሎ ነበር። በኋላ ግን ያው ጳውሎስ «ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና» ብሎ አስመጣው።

አሁን በሩቅ አገር ሆነህ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቂት ልበል። መናፈቅ ኃጢአት አይደለም። በበዓል ቀን ብቻችሁን ስትሆኑ አልቅሱ፤ ጌታ አያፍርባችሁም። ስትታመሙ ለመሪዎቻችሁ እውነቱን ንገሩ፤ ታግሼ አልፈዋለሁ እያላችሁ አልጋ ላይ አትውደቁ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። ተኝቶ ሳለ ቀሰቀሰው፣ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ብሉ። ተኙ። ወሩ ባዶ ከሆነ «በዚህ ወር የሚነገር ፍሬ አላየሁም፤ ጸልዩልኝ» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለመጻፍ ከመድረክ ከመስበክ የበለጠ እምነት ይጠይቃል።

ማክሰኞ ዕለት እኅታችንን ልጠይቃት ሄድኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሑድ ዕለት ያን ንግግር ሰምቼ ዝም ብያለሁና። ከዚያ ስለ አገልግሎቷ አልጠየቅኳትም። «ማን ናፈቀሽ?» አልኳት። ፊቷ በራ። አንድ አዛውንት ጎረቤት ነበሯት፣ ዓይናቸው የደከመ እናት። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ስለማይችሉ በየማታው እየሄደች ታስገባላቸው ነበር። እሳቸውም በምትኩ ቃላት ያስተምሯታል፤ ክር፣ መርፌ፣ ጨርቅ፣ ልጄ። አንድ ቀን «ማታ ማታ ብቻሽን ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አሏት። በዚያች በምታውቃት ትንሽ ቋንቋ ስለ ኢየሱስ ነገረቻቸው። ከሳምንት በኋላ ታመመች። ስትሸኝ እኚያ እናት በር ድረስ መጥተው «ለዚያ ለምታወሪው የእኔንም ስም ንገሪልኝ» አሏት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቀረብ በሏት። ስለ እኚያ እናት ጠይቋት። ስማቸውን ትነግራችኋለች። እሷ በየማታው ትጠራዋለች፤ አብረናት እንጥራ።