ፖለቲካዊ አመኔታ ምንድን ነው?

ፖለቲካዊ አመኔታ ማለት አንድ ነዋሪ ቀበሌ ወይም ማዘጋጃ ቤት አቤት ቢል ሰሚ አገኛለሁ ብሎ ማመኑ ነው። ሹሙን መውደድ ማለት አይደለም። አጥብቆ የሚተች ሰው ማመልከቻ ጽፎ የሚመላለሰው ምላሽ አገኛለሁ ብሎ ስለሚያምን ነው። ያላመነው ዝም ይላል፤ ከስብሰባም ከምርጫም ይቀራል።

ለአዲስ መጤ ይህ ይከብዳል። ከወረኢሉ ገጠር መጥታ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የገባች ወጣትን እንውሰድ። 18 ዓመት ከሞላትና በምርጫ ክልሉ 6 ወር ከኖረች ሕጉ ምረጪ ይላታል። መታወቂያ ለማውጣት ግን ከትውልድ ቀበሌዋ መሸኛ አምጪ ትባላለች፤ አከራይዋም ተከራይ አለኝ ብሎ ማስመዝገብ ላይፈልግ ይችላል። ቀበሌን የምታውቀው በወረፋው ብቻ ከሆነ ከምን ተነስታ ትመነው?

ፌነማና ቲሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ አምስተርዳም ስደተኞች ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። ኔዘርላንድስ ዜግነቷ የሌላቸው ነዋሪዎች በከተማ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ የፈቀደችው ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ከስደተኞቹ መካከል በብዛት የመረጡትም፣ የከተማውን አስተዳደር ይበልጥ ያመኑትም ቱርኮች ነበሩ። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ያገኙት በማኅበራቱ ዘንድ ነው፦ ቱርኮች ብዙ ማኅበር ነበራቸው፤ የአንዱ ማኅበር አመራር በሌላውም ስለሚቀመጥ ወሬውም መተማመኑም ከአንዱ ወደ ሌላው ይደርስ ነበር።

ወሎ ለዚህ ባዳ አይደለም። ቅሬ የምንለው የቀብር እድር አለን፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው የሚቀብሩበት። ከቀብር መልስ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፤ ከዚያ ወሬው ስለተቋረጠው ውኃና ስለተበላሸው መንገድ ይሆናል፣ ቀበሌ ሄደው የሚያናግሩ ሽማግሌዎችም ይመረጣሉ። ሰው መወከልን፣ ሒሳብ መጠየቅን፣ የመረጠውን መውቀስን የሚለማመደው እዚያ ነው። በእኔ እምነት ከየትኛውም የምርጫ ቅስቀሳ ይልቅ ይህ ያስተምራል።

ችግሩ፣ ቅሬው የሚይዘው የሰፈሩን ነባር አባወራና እማወራ ከሆነ፣ ለብቻዋ ክፍል የተከራየችው ልጅ መዝገቡ ላይ የለችም። ለፈረቃ ሠራተኛ ደግሞ ቀብር መድረስ ራሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ቅሬዎች ተከራይን በአነስተኛ መዋጮ ቢመዘግቡ፣ ፈረቃ ላይ የዋለችውንም ባይቀጡ እላለሁ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ቀበሌ ሲሄዱ የእሷንም የመታወቂያ ጉዳይ ይዘው ይገባሉ።